የተሰነጠቀና የተንሻፈፈ የፈረስ ሰኮና፦ ያለ ብረት ጫማ ይድናል?

የቦራ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረሴ ቦራ 12 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የብረት ጫማ ሲመታለት ነው የኖረው። አሁን የሁለቱም የፊት እግሮቹ ሰኮና ተበላሽቷል። ጫፉ ወደ ፊት ረዝሟል፣ ጎኖቹ ወደ ውጭ ተንሻፈዋል። በቀኝ እግሩ ፊት ለፊት ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። የሰኮናው ግድግዳ፣ ማለትም ጠንካራው የውጭ ሽፋን ላይ፣ ቀለበት የመሰሉ መስመሮች ይታያሉ፤ ወደ ተረከዙ ሲሄዱ ይሰፋሉ። ከስር ደግሞ መሃል ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ይሸታል።

ሐኪም አይቶታል። ራጅም ተነስቷል። ላሚናይተስ (ግድግዳውን ከውስጡ አጥንት ጋር ያያዘው ክፍል ሲታመም) ነው፣ የከፋው ጊዜ አልፏል፣ ግን ውስጥ ያለው አጥንት በመጠኑ ዞሯል ተብያለሁ። የሰኮናው ወለል ውፍረት የቀረው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጫማው ወልቋል። ለስላሳ መሬት ላይ ደህና ይራመዳል። ጠጠር ላይ ግን አንዴ ይረግጥና ይቆማል። ሳየው አንጀቴ ይላወሳል።

እንዲህ ያለ ሰኮና ያለ ጫማ ይድናል? ከየት ነው የሚጀመረው? ስንት ጊዜስ ይፈጃል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ልጓም

አይዞሽ እህቴ። የኔም ባዝራ ሰኮናዋ ተመሳሳይ ነገር እያሳየ ነውና እከታተላለሁ። ጋሽ ሞረድ እዚህ ካሉ ቢመልሱልን ደስ ይለኛል።

ሞረድ

አለሁ። የቦራ እናት፣ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ራጅ ማስነሳትሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ውስጡን ሳያይ መሣሪያ ይዞ ይገባበታል።

አዎ፣ ይድናል። ግን ምን እንደሚድን እንግባባ። የተላቀቀ ግድግዳ ተመልሶ አይጣበቅም። የተሰነጠቀው አይገጥምም። የሚሆነው ከላይ አዲስ ሰኮና ይወርድና አሮጌውን ይተካዋል። ግድግዳው በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ አዲሱ ከጠጉሩ ጥግ ተነስቶ ጫፍ እስኪደርስ ከ9 ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ተረከዝ አጭር ስለሆነ በግማሹ ጊዜ ይታደሳል። የእኛ ሥራ አዲሱ ሳይላቀቅ እንዲወርድ መጠበቅ ነው። አሮጌውን ማሳመር ሥራችን አይደለም።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጊ። ማስመሪያ ያዥ። ሰኮናውን ከጎን እያየሽ፣ ጠጉሩ ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ ባለው የመጀመሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ማስመሪያውን ለጥፊው። የሚያሳይሽ አቅጣጫ አዲሱ ሰኮና ሊሄድበት የሚፈልገውን ማዕዘን ነው። ከዚያ በታች ግድግዳው ከማስመሪያው ወደ ፊት ሸሽቶ ከወጣ፣ ያ የሸሸው በሙሉ ተላቋል ማለት ነው። ከስር ሰኮናውን ብትገለብጪው ነጩ መስመር፣ ማለትም ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር፣ እዚያ ቦታ ላይ ሰፍቶ ታገኚዋለሽ። ጤነኛ ሲሆን ጠባብና ድፍን ነው።

የረዘመው ጫፍ የሚጎዳው ለምንድን ነው? ፈረሱ እግሩን ሊያነሳ ሲል ሰኮናው የሚነሳው በጫፉ ላይ ተንከባልሎ ነው። ጫፉ በረዘመ ቁጥር መንከባለያው ይርቃል። በየእርምጃው ግድግዳው ከአጥንቱ ላይ ይላቀቃል። ስለዚህ ከላይ ምንም ያህል ጥሩ ሰኮና ቢወርድ ታች ሲደርስ ይቀደዳል። ስንጥቁም የማይዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ክርከማው እንዲህ ነው። ጫፉን ከፊት ለፊት፣ ከነጩ መስመር የውጭ ጠርዝ ጀምሮ በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድሞ መሞረድ። ያኔ የተላቀቀው ግድግዳ መሬት አይነካም፣ ክብደትም አይሸከምም። ጎኖቹም የተንሻፈፉበት ቦታ ላይ እንደዚያው ጠርዛቸው ይከበባል። ስንጥቁ መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ በደንብ ይሞረዳል፤ መሬቱ ከስር እየገፋ እንዳይከፍተው። የላይኛውን ሁለት ሦስተኛ ግድግዳ በሞረድ አትንኪው። ለመልክ ብሎ እስከ ጠጉሩ ድረስ የሚሞርድ ሰው ካየሽ አስቁሚው። ግድግዳውን እያሳሳው ነው።

ወለሉን ደግሞ በጭራሽ። 8 ሚሊ ሜትር ነው ያልሽው። ጤነኛ ፈረስ ላይ 15 እና ከዚያ በላይ ነው የምንፈልገው። ዱቄት መስሎ በራሱ የሚረግፈው የሞተ ክፍል ካለ በብሩሽ ይውጣ። ከዚያ ያለፈ ቢላ ወለል ላይ አይረፍ። ቀጭን ወለል ላይ የተቆረጠች አንዲት ሚሊ ሜትር ለመመለስ ሳምንታት ትፈጃለች።

ተረከዙን በተመለከተ፣ ያለ ራጅና ያለ ሐኪም ምክር በአንድ ቀን ዝቅ አታድርጉት። ተረከዝ ድንገት ሲወርድ ከኋላ የሚያልፈው ጅማት ይወጠራል፣ አጥንቱንም ይስበዋል። ቀስ በቀስ ነው።

ለጤነኛ ፈረስ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይበቃል። ለቦራ ግን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት። ትንሽ ግን ቶሎ ቶሎ። ይህን ብትይዢ ብዙ አትሳሳቺም።

የቦራ እናት

ጋሽ ሞረድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማስመሪያውን ለጥፌ አየሁ። ልክ እንዳሉት ነው። ላይኛው ክፍል ቀጥ ያለ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ይሸሻል። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተረከዙን ሳይሆን ጫፉን ነው መጀመሪያ የሚያሳርፈው። ይህ ከላሚናይተሱ ነው?

ሞረድ

ሊሆን ይችላል፣ ግን ያ የሚሸተው ነገርም ይመስለኛል። መጀመሪያ እሱን እንይ። መሃል ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ክፍል መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። የጆሮ ጥጥ ወስደሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ። ጤነኛ ከሆነ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ጉድጓድ ነው። ጥጡ ጠልቆ ከገባ፣ የዚህ ጎድጓዳ ስንጥቅ ወደ ተረከዙ ሥጋ ከሄደ፣ ፈረሱም እግሩን ከነጠቀሽ፣ ውስጡ በስብሷል።

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን እግሩን ሳላይ ስለ ማዕዘን አላወራም። ተረከዙ የሚያመው ፈረስ ተረከዙን አያሳርፍም። በጫፉ ይረግጣል። በጫፉ ሲረግጥ የኋላው ክፍል ሥራ ያጣል፣ ይኮማተራል። ሲኮማተር ስንጥቁ የበለጠ ይጠልቃል፣ አየር አይገባውም፣ መበስበሱ ይብሳል። ፈረሱ በዚህ ዙሪያ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ሊሽከረከር ይችላል። የተዋጣለት ክርከማ ቢደረግለትም አይወጣም። መጀመሪያ ሕመሙ ይወገድ።

ዶ/ር ጋጣ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጋሽ ሞረድ ባሉት ላይ ልጨምር።

ለመበስበሱ፦ በየቀኑ በጨው ውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቅ። ማድረቁ ከመድኃኒቱ አይተናነስም። ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድና ጥቂት መዳብ ሰልፌት ያለበት ቅባት በቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ወይም በጥጥ ላይ አድርጋችሁ ወደ በሰበሰው ስንጥቅ ውስጥ ለስለስ አድርጋችሁ ወትፉ። በየቀኑ ይቀየር። በረኪና፣ ፎርማሊንና ጠንካራ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ አታፍስሱ። ጀርሙን ይገድላሉ፣ ግን ሊያድግ የሚታገለውን ሕያው ሥጋም አብረው ያቃጥላሉ። ለዚህ መበስበስ ዋናው ባክቴሪያ አየር አይወድም። ስለዚህ የተንጠለጠለውና የሞተው ቅዳጅ ብቻ ተቆርጦ ጉድጓዱ አየር ቢያገኝ ግማሹ ሥራ ተሠራ። ጋጣው በሽንትና በፋንድያ ከራሰ ግን ምንም ቢደረግ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ላሚናይተስ ሰኮና ላይ ይታያል እንጂ መነሻው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኛው የማየው ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው። ፈረሱ ስኳርና ስታርች ሲበላ ኢንሱሊኑ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ግድግዳውን ከአጥንቱ ጋር ያያዘው ሥስ ክፍል ይዳከማል። ዕድሜው ከ15 ያለፈ፣ ጠጉሩ የማይረግፍለት ፈረስ ከሆነ የፒቱታሪ ዕጢ (አንጎል ስር ያለች ትንሽ ዕጢ) ችግር ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ ፐርጎላይድ የሚባል መድኃኒት አለ። የቦራ እናት፣ የኢንሱሊን ምርመራ ተደርጎለታል? የአንገቱ ጫፍ ላይ ጠንከር ያለ ስብ አለ?

የቦራ እናት

ዶክተር፣ የደም ምርመራው አልተደረገም። አንገቱ ላይ ግን አዎ፣ ጠንካራ ስብ አለው። ወፍራም ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል» ይለኛል።

ጥጡንም አስገብቼ ነበር። ገባ። እግሩንም ነጠቀኝ።

ዶ/ር ጋጣ

እንግዲያው ምርመራውን ሳትውይ ሳታድሪ አስደርጊው። መኖውን ደግሞ ዛሬ ቀይሪ፣ ውጤቱን አትጠብቂ።

እህል በሙሉ ይቁም። ገብስም፣ አጃም፣ በቆሎም፣ ሞላሰስ የነካው ነገርም። ለምለም ሳር ላይ አይሰማራ። ሳር ውስጥ ያለው ስኳር ከቀትር በኋላ ይጨምራል፣ ንጋት ላይ ይቀንሳል። ውርጭ ከወረደ ግን ንጋት ላይም ከፍ እንዳለ ይቆያል። አጭር ሳር ይሻለዋል የሚሉ አሉ። ተግጦ ተግጦ ያጠረ ሳር ጭንቅ ላይ ያለ ሳር ነው፣ ስኳር ሊያጠራቅም ይችላል።

ዋናው ምግቡ ድርቆሽ ይሁን። ስኳርና ስታርቹ አንድ ላይ ከ10 በመቶ በታች ቢሆን እንመርጣለን። ማስመርመር ካልተቻለ ድርቆሹን በቀዝቃዛ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፣ ከዚያ ውሃውን ድፊው። ስኳሩ የሚሄደው ከውሃው ጋር ነውና ፈረሱ እንዳይጠጣው። መጠኑን መዝኚ፤ ለሚቀንስ ፈረስ በቀን የሰውነቱን ክብደት 1.5 በመቶ በደረቅ ሚዛን። ለ500 ኪሎ ፈረስ 7.5 ኪሎ ማለት ነው።

ከዚህ በታች አትውረጂ። ፈረስን በረሃብ ማክሳት አደገኛ ነው። በተለይ አጫጭር ዝርያዎችና አህዮች ላይ፣ ድንገት ሲራቡ ስቡ ወደ ደም ይገባና ጉበታቸውን ይጎዳል። ይገድላልም።

ፈረሰኛው

ባዮቲን የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ይሠራል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ዶ/ር ጋጣ

ለአንዳንዱ ፈረስ ይጠቅማል። በቀን 15 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው የሚሰጠው። ግን የተሠራው ሰኮና ላይ ምንም አይለውጥም። የሚረዳው አዲስ የሚወርደውን ነው። ስለዚህ ከ6 ወር በፊት ውጤት አትጠብቁ። መዳብና ዚንክ ደግሞ ብዙ ድርቆሽ ውስጥ ያንሳሉ። ዚንኩ ከመዳቡ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ሲሰጥ ሚዛኑ ይጠበቃል። ሴሌኒየም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሲበዛ ራሱ ሰኮና ይሰነጥቃል፣ ሲከፋም ያስወልቃል። ሁለት ሦስት ዓይነት ማሟያ እየደባለቁ የሚሰጡ ሰዎች ሳያውቁት ከልክ ያሳልፉታል።

ባለ ብረቱ

እኔ ጫማ የምመታ ሰው ነኝ። በዚህ ውይይት ውስጥ ብረት እንደ ጠላት ሲታይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የቦራ ሰኮና የረዘመው በብረቱ አይደለም። ብረቱ ሳይቀየር በመቆየቱ ነው። ጫማ ያለው ሰኮና መሬት አያሳሳውም፣ ስለዚህ ያድጋል፣ ጫፉ ብረቱን ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተፈቶ፣ ተከርክሞ፣ እንደገና ቢመታ ይህ አይመጣም። አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በባዶ እግሩ ቢሄድ የሚያልቀው ከሚያድገው ይበልጣል። ለእሱ ምን ትሉታላችሁ? የሰኮናው አጥንት የተሰበረስ? ለእነዚህ ብረት ወይም የሚጣበቅ ጫማ ሕክምና ነው። ፈረሱ እየተሰቃየ «በባዶ እግሩ መሄድ ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ሞረድ

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኔም እፈርምባታለሁ። ፈረሱ እያመመው በባዶ እግሩ አይሂድ።

የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ቦራ ላይ አሁን ምስማር የሚመታበት ጤነኛ ግድግዳ የለም። የቀረው ግድግዳ ተላቋል። ብረት ብትመታበት ክብደቱን በሙሉ በዚያው በተላቀቀው ግድግዳ ላይ ታንጠለጥለዋለህ። ጎን ለጎን ደግሞ ወለሉና ሦስት ማዕዘኑ ከመሬት ይርቃሉ። የኋላው ክፍል ውስጥ ድንጋጤ የሚያበርድ ወፍራም ትራስ አለ። የሚጠነክረው ሲረገጥ፣ ሲለጠጥ፣ ሲሠራ ነው። ሥራ ካጣ ይሳሳል።

ለዚህ ነው የሚወልቅ ጫማ የምመርጠው። ከጎማ የተሠራ፣ እንደ ሰው ጫማ የሚጠለቅ፣ ውስጡ ወፈር ያለ ስፖንጅ የሚነጠፍበት። ሲራመድ ይደረግለታል፣ ሲያርፍ ይወልቅለታል። ክርከማውም በየሁለት ሳምንቱ ያለ ችግር ይሠራል። ብረት ቢሆን ግን በየሁለት ሳምንቱ እየፈቱ በምስማር መብሳት ነው።

ጋሪ ስለሚጎትተው ያልከው እውነት ነው። ሰኮናው ከሚያድገው በላይ እያለቀ ከሆነ መከላከያ ይፈልጋል።

ባለ ብረቱ

ጋሽ ሞረድ፣ በዚህ ፈረስ ላይ ተስማምቻለሁ። ግድግዳው ምስማር አይዝም። ስለሚጠለቀው ጫማ አንድ ነገር ልጨምር፦ ልኩ የሚወሰደው ከተከረከመ በኋላ ነው፣ ስፋቱም ርዝመቱም። ሰፊ ከሆነ ይዞራል፣ ጠባብ ከሆነ የተረከዙን ሥጋ ይልጠዋል። በየቀኑ ወልቆ ሰኮናው ይድረቅ። ሌት ተቀን እዚያ ውስጥ ከዋለ መበስበሱን እያሳደግን ነው።

ልጓም

ጋጣው አካባቢ ምን ዓይነት መሬት ይሻላል? የኔ ባዝራ የቆመችበት ጭቃ ነው።

ሞረድ

ጭቃና ደረቅ መሬት መፈራረቁ ሰኮናን ያደክማል። ርሶ ይለሰልሳል፣ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይርሳል። ቢያንስ የምትቆምበትና የምትበላበት ቦታ ደረቅ ይሁን።

ከተቻለ ደግሞ ክብ ክብ ደቃቅ ጠጠር፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጥልቅ አድርገህ አንጥፍ። ሹል የተፈጨ ድንጋይ አይሁን። ክብ ጠጠር ከሰኮናው ስር ይንሸራተታል፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ወለሉንና ሦስት ማዕዘኑን በሙሉ ይደግፋል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የግሪኩ የጦር ሰው ዜኖፎን ከጋጣው ውጭ ክብ ድንጋዮች ይበተኑ፣ ፈረሱ በእነሱ ላይ ሲረግጥ ሰኮናው ይጠነክራል ብሎ መክሯል። ያኔ ግሪኮች በምስማር የሚመታ የብረት ጫማ አልነበራቸውም። ፈረሰኛ ጦራቸው ያለው በባዶ ሰኮና ነበር። ስለዚህ የሚያስቡት አጥብቀው ነው።

ግን ተጠንቀቅ። ቀጭን ወለል ያለውን እንደ ቦራ ያለ ፈረስ መጀመሪያ ጠጠር ላይ አታቁም። መጀመሪያ ጫማና ስፖንጅ፣ ከዚያ ለስላሳ መሬት፣ ከዚያ ጠጠር።

ፈረሰኛው

ስንት ያህል ይንቀሳቀስ? እረፍት ይሻለዋል የሚሉም አሉ።

ዶ/ር ጋጣ

እንደ ጊዜው ነው። ላሚናይተስ ትኩስ ሲሆን፣ ፈረሱ ወደ ኋላ ተደግፎ የፊት እግሮቹን አርቆ ሲቆም፣ ሰኮናው ሲሞቅ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ያለው ትርታ ሲያይል፣ አይንቀሳቀስ። ጥልቅ ለስላሳ ጉዝጓዝ ላይ ይቁም፣ ሐኪም ይጠራ። በመጀመሪያዎቹ ከ48 እስከ 72 ሰዓታት እግሩን በበረዶ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ በላይ ድረስ ይግባ። የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ሰጥታችሁ ደግሞ አታራምዱት። ሕመሙ ስለጠፋ ጉዳቱ ቆመ ማለት አይደለም።

ያ ጊዜ ሲያልፍ፣ ትርታው ወደ ጤነኛው ሲመለስ፣ ጫማ አድርጎ በምቾት የሚራመድ ከሆነ፣ እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው። በእጅ እየመራችሁ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ቀስ ያለ እርምጃ። በጠባብ ክብ ማዞር አይሁን፤ መታጠፍ የተላቀቀውን ግድግዳ ይጎትታል። ሶምሶማው ይቆይ። በማግስቱ ትርታው ከጨመረ ትናንት በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱ።

ትርታ መፈለግን ዛሬ ተለማመዱ። ፈረሱ ጤነኛ ሳለ ሁለት ጣታችሁን ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ በጎን በኩል አሳርፉ። ደካማ ነው፣ ለማግኘትም ያስቸግራል። ይህን የሚያውቅ ጣት አደጋው ሲመጣ በቀላሉ ይለያል።

ልጓም

ይህን ዛሬ ማታ ሞከርኩ። ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን አገኘሁት። ዶክተር፣ እናመሰግናለን።

የቦራ እናት

ወራት አልፈዋል፣ ላሳውቃችሁ ብዬ ነው።

የኢንሱሊን ምርመራው ከፍ ብሎ ነው የወጣው። ድርቆሹ እየተዘፈዘፈ ነው የሚበላው። እህል የለም። ቀንሷል፣ አንገቱም ላይ ያለው ስብ ለስልሷል። መበስበሱ ጠፍቷል፤ ጥጡ አሁን ጠልቆ አይገባም፣ እግሩንም አይነጥቀኝም። በስልክ ከጎን ቀርጬ ዝግ አድርጌ ሳየው ተረከዙን መጀመሪያ ማሳረፍ ጀምሯል። ለስላሳ መሬት ላይ ያለ ጫማ፣ ጠጠር ላይ በጫማ ነው የሚሄደው።

ከላይ የሚወርደው ሰኮና ግማሽ መንገድ ደርሷል። ቀጥ ያለ ነው። ስንጥቁም ያለው ከእሱ በታች ብቻ ነው። ራጅ እንደገና ተነስቶ ወለሉ 12 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ነጩ መስመር ላይ በጫፉ በኩል ጥቁር ጉድጓድ አለ። ስፍቀው ዱቄት ይወጣል። እየጠለቀ የሚሄድ ይመስላል።

ሞረድ

እሰይ የኔ ልጅ! ከ8 ወደ 12 መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። እጅሽ ይባረክ።

ያ ጥቁር ጉድጓድ በተላቀቀው ግድግዳና በወለሉ መካከል ባክቴሪያና ፈንገስ ገብቶበት ነው። ቦታው ጨለማና እርጥብ ስለሆነ ይወዱታል። ከላይ መድኃኒት ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ ክዳን ካለበት አይደርስም። የሸፈነው ግድግዳ የሞተ ነውና ከውጭ በኩል ተነስቶ ቦታው አየር ያግኝ። ትንሽ ከሆነ በየክርከማው ጠርዙን ከፍ አድርጎ በመሞረድ ይጠራል። ወደ ላይ ከአንድ ጣት በላይ ከጠለቀ ግን ራስሽ አትክፈቺው። ሐኪሙና ከርካሚው አንድ ላይ ሆነው ራጁን እያዩ ይክፈቱት። ደም ከታየ አልፈናል ማለት ነው።

ዶ/ር ጋጣ

እስማማለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልንገርሽ፣ ሲመጣ እንዳትደነግጪ። ከላሚናይተስ የሚያገግም ሰኮና ውስጥ መግል መቋጠር የተለመደ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ አንድ እግሩን ፈጽሞ አላሳርፍም ይላል። እግሩ የተሰበረ ይመስላል። ሰኮናው ይሞቃል፣ በዚያ እግር ብቻ ትርታው ያይላል። ሐኪም ያስወጣዋል፣ ወይም በሙቅ ውሃና በኤፕሰም ጨው እየተዘፈዘፈ በተረከዙ ወይም በጠጉሩ ጥግ ራሱ ይፈነዳል። ከዚያ ፈረሱ ወዲያው ይቀለዋል። ፍለጋ ብላችሁ ግን ወለሉን በቢላ አትቆፍሩ። ቦራ ያገኛትን እያንዳንዷን ሚሊ ሜትር ይፈልጋታል።

ሳይዘገይ ሐኪም የሚጠራበትም አለ። ከሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ፊት ለፊት ወለሉ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ አጥንቱ ወደ ታች እየወረደ ነው። ጠጉሩ በሚያልቅበት ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ከተሰማሽም እንደዚያው። ያኔ ሰዓት አትጠብቂ።

ልጓም

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል። የባዝራዬን ሰኮና ሳጸዳ ምስማር ተሰክቶ አገኘሁ። አሁን ቆማለች። ልንቀለው?

ዶ/ር ጋጣ

አትንቀለው! ባለበት ይቆይ። ሐኪም ጥራና ራጅ ይነሳ። ምስማሩ ውስጥ እያለ የት እንደደረሰ፣ አጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ከረጢት ነክቶ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ከነቀልከው ቀዳዳው ይዘጋል፣ መንገዱ ይጠፋል። ሐኪሙ እስኪመጣ አታንቀሳቅሳት። ምስማሩ ገና ጎልቶ ከወጣና ስትረግጥ የበለጠ የሚገባ ከሆነ በሁለቱ ጎን ወፍራም እንጨት በፕላስተር አስረህ ሰኮናዋን ከመሬት ከፍ አድርግ፤ ክብደቷ ምስማሩ ላይ እንዳያርፍ። ሐኪሙ እጅግ ከዘገየና ምስማሩ እየገባባት ከሆነ፣ የገባበትን ቦታ፣ አቅጣጫና ጥልቀት ፎቶ አንስተህ፣ በቀለም ምልክት አድርገህ ብቻ ንቀለው።

የቴታነስ ክትባቷ መቼ ነበር? ፈረስ ለቴታነስ ከብዙ እንስሳት ይልቅ የተጋለጠ ነው። ካልታወቀ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገረው።

ልጓም

ክትባቱን አላውቅም፣ ከገዛኋት ብዙ አልቆየሁም። ሐኪሙን ደውዬለታለሁ፣ እየመጣ ነው። ምስማሩን አልነካሁትም። እንጨቱን አሁን እያሰርኩ ነው።

የቦራ እናት

ልጓም፣ ሐኪሙ ካያት በኋላ እባክህ እዚሁ ጻፍልን።

ልጓም

አየልኝ። ራጁ ላይ ምስማሩ ከሦስት ማዕዘኑ ጎን ገብቶ ወደ ውጭ ዞሯል። አጥንትም ከረጢትም አልነካም። ነቅሎ አጸዳው፣ የቴታነስ መከላከያ ሰጣት፣ ሰኮናዋን በጥጥና በፕላስተር ጠቀለለው። በየቀኑ እንድቀይረው፣ ትርታዋንም ጠዋትና ማታ እንድፈትሽ አዞኛል።

ዶ/ር ጋጣ

ጎበዝ። ትርታው ካየለ ወይም ማንከሷ ከጨመረ ነገ አትበል፣ ያኔውኑ ደውልለት። ጥቅልሉ እንዳይርስ ከላይ የሚጠለቀውን ጫማ አድርግላት። ቀዳዳው ደርቆ እስኪደነድን ጭቃው ውስጥ አትመልሳት።